የውሃ መሳቢያ ሞተር አልነሣ ሲል፤ ከቤንዚኑ ተነሥቶ እስከ ካርቡራቶሩ የሚደረግ ምርመራ

ለይፋት ቈላና ለጣርማ በር ደጋ ነጋዴዎችና ባለሞተሮች የቀረበ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለውን የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ ሰንጥቆ፥ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ይፋት ቈላ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነ፥ መንገደኛው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ይወርዳል። በጣርማ በር ላይ ጋቢ ያስደረበው ብርድ፥ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ኮት የሚያስወልቅ ሙቀት ይሆናል። በዚሁ መንገድ ከሌላው ዕቃ ጋር ተጭኖ የሚወርደው የውሃ መሳቢያ ሞተርም እንደ መንገደኛው የአየሩ ለውጥ ይሰማዋል፤ ልብሱን የሚለውጥለት ግን ባለቤቱ ነው።

በቀወት ወረዳና በአካባቢው ባለው ቈላ፥ የወንዝና የጕድጓድ ውሃ እየተሳበ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ነው። ሽንኩርት ሥሩ ወደ መሬት ጠልቆ የማይገባ ተክል በመሆኑ፥ በሙቀት ወራት ውሃ ሲቋረጥበት ፈጥኖ ይጎዳል። ስለዚህ የሞተሩ መቆም የብረት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የምርት ጉዳይ ነው። ጉዳቱም በገበሬው ላይ ብቻ አይቀርም። ሞተሩን በዱቤ የሸጠው ነጋዴ ገንዘቡን፥ ለዘርና ለማዳበሪያ ያበደረው ሰው ብድሩን፥ ሽንኩርቱን ለመጫን የተዋዋለው ባለ መኪናም ጭነቱን ሊያጣ ይችላል።

ሞተር በቆመ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «ካርቡራቶሩ ተበላሽቷል» የሚል ነው። ወዲያውም ካቻቢቴ ይነሣል፤ ብሎኑ ሁሉ ይፈታል፤ ልኩ የተጠበቀው ሁሉ ይዛባል። ነገር ግን ካርቡራቶር የመጣለትን ቤንዚን ከአየር ጋር አደባልቆ የሚያሳልፍ በረኛ እንጂ ቤንዚን የሚሠራ ፋብሪካ አይደለም። ውሃ የገባበት፥ አሸዋ ያለበት ወይም የቈየ ቤንዚን ሲመጣለት ከሥራው ይታገዳል። እንዲህ ያለውን ሞተር ካርቡራቶሩን ብቻ በመለወጥ ማዳን አይቻልም፤ አዲሱም ካርቡራቶር ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ደዌ ይያዛል። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ምርመራው ከጀሪካኑ ተጀምሮ ቤንዚኑ በሚሄድበት መንገድ በተራ እየወረደ በመጨረሻ ካርቡራቶሩ ዘንድ ይድረስ።

የካርቡራቶር አሠራር በአጭሩ

1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህን ልክ የሚጠብቀው ካርቡራቶር ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ፥ አየሩ በካርቡራቶሩ ጠባብ ጕሮሮ ውስጥ ያልፋል። ፈሳሽም ሆነ አየር በጠባብ ስፍራ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ግን ይቀንሳል። ይህን ጠባይ ያጠናው የኢጣልያ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ (1746—1822 እ.ኤ.አ.) ስለ ነበረ፥ ጠባቡ ጕሮሮ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባኽ ደግሞ በ1893 እ.ኤ.አ. ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ እየረጨ ከአየር ጋር የሚያደባልቅ ካርቡራቶር ሠራ። ዛሬ በእርሻ ዳር የሚታየው ትንሽ ሞተር ካርቡራቶርም በዚሁ መሠረት የሚሠራ ነው።

ከካርቡራቶሩ ሥር አንድ ትንሽ ሳሕን አለ። በሳሕኑ ውስጥ ጋለጃንቴ የሚባለው ተንሳፋፊ ተቀምጧል። ቤንዚኑ ልኩ ላይ ሲደርስ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና መርፌ የመሰለችውን መክደኛ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል፤ ቤንዚኑ ሲጐድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ከሳሕኑ ወደ ጕሮሮው የሚወጣው ቤንዚን ጂግለር በምትባለው ባለ ቀጭን ቀዳዳ ብሎን በኩል ያልፋል። የጂግለሯ ቀዳዳ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነች፥ ዐይን በቀላሉ የማያየው ቅንጣት አሸዋ ወይም ከቈየ ቤንዚን የሚቀር ሙጫ መሰል ዝቃጭ ሊደፍናት ይችላል።

በጣና ሐይቅ ላይ ከትናንሽ ጀልባዎች ኋላ የሚታሰረው ባለ ካርቡራቶር ሞተርም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። ልዩነቱ ይህ ነው። በውሃ መሳቢያው ላይ ቤንዚኑ ከላይ ካለው ማጠራቀሚያ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ለጀልባው ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ ከጀልባዋ ወለል ላይ ከተቀመጠ ማጠራቀሚያ በላስቲክ ቱቦ ተስቦ ይመጣል። ስለዚህ በጀልባው ሞተር ቱቦው ወይም በእጅ የሚጨመቀው ኳስ መሰል ላስቲክ ከተሰነጠቀ፥ በቤንዚን ፈንታ አየር ይሳባል። ደግሞም ሁለት ምት የሆነ የጀልባ ሞተር ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተደባልቆ እንዲሰጠው የሚሻ ሊሆን ይችላል፤ አምራቹ 50 ለ1 ብሎ ባዘዘ ጊዜ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። አራት ምት የሆነ የውሃ መሳቢያ ሞተር ግን ዘይቱ በራሱ ስፍራ ስለሚቀመጥ፥ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት መደባለቅ ካንዴላውን ማጥቈር ነው።

ደጋና ቈላ የሚያመጡት ልዩነት

አየር ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር እየሳሳ ይሄዳል። በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት 100 እጅ ቢባል፥ በሸዋ ሮቢት ከፍታ 86 እጅ ያህል፥ በ3,000 ሜትር ላይ 69 እጅ ያህል ይሆናል። የጂግለሯ ቀዳዳ ግን ያው ናት። ስለዚህ ለዝቅተኛ ስፍራ የተዘጋጀ ሞተር በጣርማ በር አካባቢ ወይም በመንዝ ሲሠራ፥ ለሳሳው አየር ቤንዚኑ ይበዛበታል። ምልክቱም ጥቍር ጢስ፥ በጥላሸት የተሸፈነ ካንዴላና ከልክ ያለፈ የቤንዚን ፍጆታ ነው።

ይህን ለማረም ለከፍተኛ ስፍራ አነስ ያለ ቀዳዳ ያላት ጂግለር ይገባል። ጥፋቱ የሚመጣው እንዲህ የተስተካከለው ሞተር ተሽጦ ወይም ተከራይቶ ወደ ቈላ በወረደ ጊዜ ነው። በቈላ አየሩ ይወፍራል፤ በጠባቧ ጂግለር የሚመጣው ቤንዚን ግን አይጨምርም። ድብልቁ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ቫልቮላውና ፒስተኑ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ስለዚህም ነው አንዳንድ አምራቾች በመምሪያ መጽሐፋቸው ለከፍታ የተስተካከለ ሞተር ከ1,500 ሜትር በታች እንዳይሠራ የሚያስጠነቅቁት። ሸዋ ሮቢት ከዚህ ልክ በታች ናት። ያገለገለ ሞተር ከደብረ ብርሃን ገዝቶ ወደ ቈላ የሚያወርድ ነጋዴ «ጂግለሩ ተለውጧል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ዋጋ ከመከራከሩ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ጂግለሯ ብትስተካከልም ጕልበቱ ሁሉ አይመለስም። በልምድ የተያዘው ስሌት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጕልበት ይቀንሳል የሚል ነው። በዚህ ስሌት 6 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር በሸዋ ሮቢት 5.1፥ በ3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 3.9 የፈረስ ጕልበት ያህል ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ሻጭ ለደጋ ገበሬ አነስተኛ ሞተር ይሸጥና በኋላ ካርቡራቶሩ ሲወቀስ ይኖራል።

የምርመራው ተራ

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሞ ቀላሉ ይታይ። የሞተሩ ማብሪያ መከፈቱ፥ የቤንዚኑ መክፈቻ መከፈቱ፥ የሞተሩ ዘይት ሙሉ መሆኑ ይረጋገጥ። ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይት ሲጐድል ራሱን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ አላቸው። ሞተሩ በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ፥ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ይህ መሣሪያ ጐድሏል ብሎ ሊያቆመው ይችላል። ሞተሩን ወደ ደልዳላ ስፍራ ማዛወር ገንዘብ የማይጠይቅ ጥገና ነው።

2ኛ. ቤንዚኑ ይመርመር። ከማጠራቀሚያው ሥር በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ጥቂት ቤንዚን ተቀድቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በጥላ ይቀመጥ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና በመካከላቸው የጠራ መስመር ይታያል፤ አሸዋና ዝገትም ከሥሩ ይዘቅጣል። ደግሞ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ይደረግ። ንጹሕ ቤንዚን ፈጥኖ ይተናል፤ ላምባ ወይም ናፍጣ የተደባለቀበት ግን የቅባት ምልክት ይተዋል። ሽታው ጐምዝዞ እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ቤንዚን የቈየ ነው። በቈላ ሙቀት ከቤንዚኑ ውስጥ ቶሎ የሚተነው ክፍል ይሄድና ሞተር የማያስነሣው ክፍል ይቀራል። ከ30 ቀን በላይ የቈየ ቤንዚን በትንሽ ሞተር ውስጥ ባይጨመር ይመረጣል።

በዚህ ስፍራ ስለ ኤታኖል ጥቂት ማስታወስ ይገባል። ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣው ይህ አልኮል በአዲስ አበባ ገበያ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፥ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ይሸጥ ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ድብልቅ በደረሰበት ጊዜ ባለሞተሩ ሊያውቀው የሚገባው፥ አልኮል ውሃ የሚስብ መሆኑን ነው። ውሃው ከልኩ ሲያልፍ አልኮሉና ውሃው አንድ ላይ ሆነው ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ሥር ይወርዳሉ፤ ሞተሩም አስቀድሞ የሚስበው ያንን ነው።

3ኛ. የማጠራቀሚያው ክዳን ይታይ። በክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው በአቧራና በጭቃ ከተደፈነ፥ ቤንዚኑ በወረደ መጠን በፈንታው አየር ስለማይገባ መፍሰሱን ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ይሠራና ይሞታል፤ ትንሽ ቈይቶ ደግሞ ይነሣል። ሊሞት ሲል ክዳኑን ላላ ማድረግ ካዳነው፥ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በጨርቅና በመርፌ የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፥ ባለማወቅ ስንት ካርቡራቶር ያለ ጥፋቱ ተፈቷል።

4ኛ. ማጣሪያውና ቱቦው ይፈተሽ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦው ከካርቡራቶሩ ይነቀልና አፉ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ መክፈቻው ይከፈት። ቤንዚኑ ሳያቋርጥ ቢወርድ እስከዚህ ያለው መንገድ ደኅና ነው። ጠብ ጠብ ቢል ወይም ጀምሮ ቢቋረጥ፥ በማጠራቀሚያው ሥር ያለው ወንፊት ወይም ማጣሪያ ተደፍኗል፥ አለዚያም ቱቦው ታጥፏል። ወንፊቱን አውጥቶ ጥሎ ያለ እርሱ መሥራት ለአንድ ቀን ያሠራል፤ ለከርሞ ግን ዕዳ ያስቀምጣል።

5ኛ. የካርቡራቶሩ ሳሕን ይራገፍ። ከሥሩ ያለችው ማራገፊያ ብሎን ስትፈታ ቤንዚን ከፈሰሰ፥ ቤንዚኑ እስከ ሳሕኑ ደርሷል። ምንም ካልወጣ መርፌዋ ተጣብቃለች ማለት ነው። በተቃራኒው ቤንዚኑ ያለ ማቋረጥ ከካርቡራቶሩ እየተረፈ ወደ ውጭ ቢፈስ፥ መርፌዋ ቈሻሻ ይዛ አልከደነችም፥ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ገብቶበት ሰጥሟል። የተነቀለ ተንሳፋፊ በጆሮ አጠገብ ሲወዘወዝ ውስጡ ከተንቦጫረቀ አይጠገንም፤ ይለወጣል።

6ኛ. ካንዴላው ይነበብ። ሞተሩን ለማስነሣት ብዙ ጊዜ ገመዱ ከተሳበ በኋላ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ፥ ቤንዚን አልደረሰም። ርጥብ ከሆነ ቤንዚን ደርሷል፤ ስለዚህ እሳቱ ወይም የቤንዚኑ መብዛት ይመርመር። ሲሠራ በቈየ ሞተር ላይ ካንዴላው ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልከኛ ነው፤ ጥቍርና ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፥ ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል፤ እንደ አመድ የነጣ ከሆነ ግን ድብልቁ ሳስቷል፤ ሞተሩ ሳይቃጠል ይቁም።

7ኛ. የአየር መዝጊያው ይጠየቅ። ባለሞተሮች ቾክ የሚሉት መዝጊያ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ብቻ የሚዘጋ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቾክ ካልተዘጋለት የማይሠራ ከሆነ፥ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ጂግለሯ በከፊል ተደፍናለች፥ ወይም በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ባለው ጓርኒሲዮን በኩል ትርፍ አየር ይገባል። ሞተሩ ያለ ሸክም በቀስታ ደኅና ሠርቶ ውሃ መሳብ ሲጀምር የሚንቀጠቀጥና የሚሞት ከሆነ፥ ዋናዋ ጂግለር ትጠርጠር። በሙሉ ፍጥነት ደኅና ሠርቶ ሲቀነስ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ለቀስታው የተሠራችው ትንሿ ቀዳዳ ናት።

8ኛ. በመጨረሻ ካርቡራቶሩ ይፈታ። ከመፈታቱ በፊት በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ። ማስተካከያ ብሎን ካለ፥ ሳይነቀል አስቀድሞ ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ እስኪያርፍ ይዙርና ስንት ዙር እንደ ሄደ ይጻፍ፤ ሲመለስም በዚያው ልክ ይሁን። ጂግለሯ በነፋስ መንፊያና በካርቡራቶር ማጽጃ፥ አለዚያም በቀጭን የናይለን ክር ትጽዳ። በሽቦና በመርፌ መጐርጐር ክልክል ነው። ጂግለሯ ከለስላሳ ነሐስ የተሠራች ስለ ሆነች ቀዳዳዋ ይሰፋል፤ ከዚያም በኋላ ሞተሩ ዕድሜውን በሙሉ ቤንዚን በላተኛ ይሆናል። በመርፌ የጸዳች ጂግለር ያዳነች መስላ የምትገድል ናት።

በዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ሕግ ይጠበቅ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሞተሩም ይሞከር። ሦስት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢድን እንኳ የዳነበትን ምክንያት አያውቅምና ለሚመጣው ጊዜ ትምህርት አያተርፍም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ነው።

ለማስረጃ የሚሆን ምሳሌ

አንድ ገበሬ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ሽንኩርት ተክሏል እንበል። ሞተሩ ጧት በደኅና ይነሣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን ይሞታል፤ ማታ ደግሞ ይነሣል። ጐረቤት «ካርቡራቶሩን ለውጥ» ይለዋል። ሌላው «ሙቀት ነው፥ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው» ይለዋል። ገበሬው ሁለቱንም ትቶ በተራው ቢሄድ፥ በጠርሙሱ ውስጥ ውሃ አላገኘም፤ ወረቀቱ ላይ ቅባት አልቀረም። ክዳኑን ሲያላላ ግን ሞተሩ ከመሞት ይድናል። ጧትና ማታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያሠራው ጥፋቱ አይታወቅም ነበር፤ ቀን ረዥም ሰዓት ሲሠራ ግን የተደፈነው ክዳን ማጠራቀሚያውን ያንቀዋል። የፀሐይ ሙቀት የተከሰሰው በቦታው ስለ ተገኘ ብቻ ነው።

የዚህ ተቃራኒም ይደርሳል። ሞተሩ በደኅና እየጮኸ ውሃ ባይወጣ፥ ካርቡራቶሩ ፍጹም ንጹሕ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት ውሃን ወደ ላይ መግፋት የሚችለው በስሌት እስከ 10.3 ሜትር ነው፤ በሸዋ ሮቢት ከፍታ 8.8 ሜትር፥ በ3,000 ሜትር ላይ 7.1 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በተግባር የሚገኘው ከዚህም ያንሳል። በበጋ ወንዙ ዝቅ ሲል ወይም መሳቢያው ቱቦ ቀዳዳ ሲያወጣ ውሃ የማይመጣው ስለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ሞተሩን ወደ ጕድጓዱ ውስጥ አውርደው ሊያስነሡት ይሞክራሉ። ይህ ከቶ መደረግ የለበትም። ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በጕድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ሰውን በጥቂት ደቂቃ ይገድላል። የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ የሚገባውም ሰው አብሮ ይሞታል። አንድ ማሳ ሽንኩርት የሁለት ሰው ነፍስ አይተካም።

ሻጭና ገዢ ሊጠብቁት የሚገባ

ቤንዚን 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተስቦ ሄዶ በሩቅ ያለ የከሰል ፍም ያገኛል። ስለዚህ ቡና በሚፈላበት፥ ሲጋራ በሚጨስበት ወይም ሰው በሚተኛበት ቤት ቤንዚን አይቀመጥም። የሞቀ ሞተር ሳይቀዘቅዝ ቤንዚን አይጨመርበትም። ካንዴላው እሳት መስጠቱ ሲፈተሽ፥ የፈሰሰ ቤንዚን ተጠርጎ፥ ጀሪካኑም ርቆ ይሁን። ቤንዚን በአፍ በቱቦ መሳብ በብዙ ስፍራ የተለመደ ቢሆንም ክፉ ልማድ ነው፤ ጥቂቱ ወደ ሳንባ ቢወርድ ከባድ ሕመም ያመጣል። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ ሳይደረግ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ቤንዚን ከማደያ ውጭ ስለ መያዝና ስለ መሸጥም ሕጉ የሚያዘውን ማወቅ የነጋዴው ግዴታ ነው።

ጀሪካኑ ለቤንዚን ብቻ የተለየ ይሁን። የዘይት ወይም የውሃ ጀሪካን አለቅልቆ ቤንዚን መቅዳት ከላይ ለተነገረው ደዌ ሁሉ በር መክፈት ነው። ሲቀዳም ወንፊት ባለው ማንቆርቆሪያ ይሁን። ግማሽ የጐደለ ማጠራቀሚያ ሌሊት ሲበርድ በውስጡ ጤዛ ስለሚይዝ፥ ማታ ሞልቶ ማሳደር ውሃን ይከለክላል። የመስኖው ወራት ሲፈጸም ግን ማጠራቀሚያው ባዶ ይደረግ፤ መክፈቻው ተዘግቶ ሞተሩ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ ይሥራ፤ ከዚያም ሳሕኑ ይራገፍ። በክረምቱ ወራት በሳሕኑ ውስጥ የከረመ ቤንዚን ደርቆ ጂግለሯን ይደፍናል፤ በሚቀጥለው ዓመት የተከላው ቀን በደረሰ ጊዜም ሞተሩ አልነሣም ይላል።

ነጋዴው በበኩሉ ሞተሩን ሲሸጥ የሥራውን ከፍታ ጠይቆ ልኩ የሆነች ጂግለር ቢያስገባ፥ የምርመራውን ተራ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ከደረሰኙ ጋር ቢሰጥ፥ በመደብሩም ካንዴላ፥ ጓርኒሲዮን፥ የካርቡራቶር መርፌ፥ ጂግለርና ማጣሪያ ቢያከማች፥ የሽያጩ ዋጋ አይቀንስም። የእነዚህ ዕቃዎች ትርፍ ጥቂት ነው። ነገር ግን በሽንኩርቱ መጠጫ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ለአንዲት መርፌ የሚላክ ሰው ማጣትና መዳን የሚወሰነው በእነዚህ ነው። ለከባዱ ጥገና ባለሙያ ይፈለግ፤ ለቀላሉ ግን ባለቤቱ ራሱ ይብቃ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለሞተርም ይሠራል። ባለሞተሩ ከካቻቢቴው አስቀድሞ የብርጭቆውን ጠርሙስ ቢያነሣ፥ ሻጩም ከዋጋው አስቀድሞ የእርሻውን ከፍታ ቢጠይቅ፥ ብዙ ካርቡራቶር ሳይፈታ ይኖራል፤ ብዙ ማሳም በውሃ ማጣት ሳይደርቅ ለገበያ ይደርሳል።